ለደኅናውም ልጅ ቀን ይቆረጥለት

በነቀምት ከተማ በገበያ ቀን ማለዳ አንዲት ወጣት እናት ልጇን አዝላ ወደ ጤና ጣቢያ ስትወርድ ጎረቤቷ የሆኑት አሮጊት ከደጃፋቸው ሆነው ቢያዩአት የሚጠይቁአት አንድ ጥያቄ ነው።

«ልጄ፤ ሕፃኑን ምን ነካብሽ?»

«ምንም አልነካው እማማ፤ ደኅና ነው። ቀጠሮው ደርሶ ነው።»

«እንዴ! ደኅናው ልጅ ሐኪም ቤት ምን አለው? ከበሽተኛ ጋር አጋፍተሽ በሽታ ልታስይዢው ነውን? ደግሞስ በሚዛን ሰቅለው ስንት ሰው ሲያየው ዓይን ቢበላውሳ?»

እኒህ እማማ ክፉ አሳቢ አይደሉም። ምናልባትም ከወለዷቸው ልጆች መካከል የቀበሩት አለ፤ ሐኪም ቤትንም የሚያውቁት በዚያ በቀበሩበት ዓመት ነው። በእርሳቸው ዘመን ሐኪም ቤት የሚኬደው የአገሩ መድኃኒት ሁሉ ከተሞከረና ሕፃኑም ዓይኑን መግለጥ ካቃተው በኋላ ነበር። ስለዚህ ጤና ያለው ልጅ ወደዚያ ሲሄድ ቢያዩ መደንገጣቸው አያስደንቅም።

ነገር ግን ጥያቄው በአሮጊቶች ዘንድ ብቻ ቢቀር ኖሮ ይህ ጽሑፍ ባላስፈለገም ነበር። ዛሬ ዲፕሎማና ዲግሪ ይዞ በመሥሪያ ቤት የተቀመጠው ወጣትም በአፉ ባይናገረው በሥራው የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ልጁን ሲያተኩሰው በሌሊት ባጃጅ ጠርቶ ይሮጣል፤ ልጁ ደኅና በሆነበት ወር ግን የክትባት ካርዱ በየትኛው መሳቢያ እንዳለ አያውቅም። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለውን አባባል የተማረውም ያልተማረውም እኩል ይዞታል። እንግዲህ ዛሬ ለመናገር የምንፈልገው ስለዚህ ነገር ነው፤ ይኸውም ሐኪም ለታመመው ልጅ ብቻ ሳይሆን ለደኅናውም እንደሚያስፈልግ ነው።

ሕክምና ወደ ወለጋ የገባበትን መንገድ ብናስታውስ ይህ ልማድ ከየት እንደ መጣ ይገባናል። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ አገሩን በፈጀ ጊዜ ደጃዝማች ብሩ ወልደ ገብርኤል በሱዳን ምድር በናስር ይሠሩ የነበሩትን አሜሪካዊ ሚሲዮናዊ ሐኪም ዶክተር ቶማስ ላምቢን ጠሩ። እርሳቸውም መጥተው በሰዮ፤ ዛሬ ደምቢ ዶሎ በምንላት ከተማ፤ የሕክምና ሥራ ጀመሩ። በኋላም ወደ አዲስ አበባ ሄደው በጉለሌ ሆስፒታል አሠሩ። በነቀምት የስዊድን ሚሲዮን፥ በአይራ የጀርመን ሚሲዮን፥ በግምቢ የአድቬንቲስት ሚሲዮን የሕክምና ሥራ እየተከተለ ቆመ። እነዚህ ሁሉ ለአገሩ የዋሉት ውለታ የሚዘነጋ አይደለም። ይሁን እንጂ ሐኪሙ የመጣው ወረርሽኙን ተከትሎ ነውና በሕዝቡ አእምሮ ሐኪምና በሽታ አብረው እንደ ገቡ ሆነው ቀሩ። ሐኪም ቤት ማለት የበሽታ ቤት ሆነ።

ሕክምና ግን ሌላም መንገድ አለው። ይህኛው በሽታውን የሚከተል ሳይሆን በሽታውን የሚቀድም ነው። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፥ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጠባቂዎችን አስተምሮ ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ሲልክ ዓላማው ይኸው ነበር። የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1962 የሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍል በአዲስ አበባ ሲያቋቁሙም ከዚያ የወጣው ፋፋ የተባለው ምግብ ለታመመው ልጅ ብቻ የታሰበ አልነበረም፤ ጡት ከመተው ጋር ተያይዞ የሚመጣውን ጉዳት ለመቅደም የታሰበ ነበር።

ከሁሉም የሚበልጠው ምስክር ፈንጣጣ ነው። በኢትዮጵያ የፈንጣጣ ማጥፊያ ሥራ በ1963 ዓ.ም. ተጀመረ። ክትባት ሰጪዎቹ በእግርና በበቅሎ እየተጓዙ በየመንደሩ የታመመውን ብቻ ሳይሆን በታመመው ዙሪያ ያለውን ደኅና ሰው ሁሉ ፈልገው ከተቡ። ለፈንጣጣ የሚያድን መድኃኒት አልነበረም፤ ያጠፋው ለደኅናው ሰው የተሰጠው ክትባት ነው። በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በአገራችን የመጨረሻው ሕመምተኛ ታየ፤ ከዚያ ወዲህ ፊቱ በፈንጣጣ የተበሳሳ ልጅ በኢትዮጵያ አልተወለደም፤ አላደገምም። ይህን ያህል ሥራ በደኅናው ሰው ክንድ ላይ ከተሠራ፤ «ደኅናው ሰው ሐኪም ቤት ምን አለው?» ማለት ከእንግዲህ አይገባም።

ደኅና ሕፃናትን ቀን ቆርጦ የማየት ሥራ በሌላውም ዓለም ቢሆን ገና የትናንት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1892 በፓሪስ ፒየር ቡደን የተባሉ ሐኪም በሆስፒታላቸው የተወለዱት ሕፃናት ደኅና ሆነው ወደ ቤታቸው ከሄዱ በኋላ በየሳምንቱ እየመጡ እንዲመዘኑ አደረጉ። ምክንያታቸው ቀላል ነበር። ሕፃን አፍ አውጥቶ «ራበኝ፤ አመመኝ» አይልም፤ ሚዛኑ ግን ይናገርለታል። ክብደቱ መጨመሩን ባቆመበት ሳምንት፤ ገና ሳያተኩሰውና ሳያስቀምጠው፤ አንድ ነገር እንደ ጎደለው ይታወቃል። ከዚያም ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ቆይቶ ዴቪድ ሞርሊ የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም በናይጄሪያ ገጠር ሲሠሩ የልጁን ክብደት በየወሩ በነጥብ የሚመዘግብ ካርድ አዘጋጁ። ካርዱም በሐኪም ቤት መዝገብ ውስጥ እንዳይቀበር በእናቲቱ እጅ እንዲቀመጥ አደረጉ። ነጥቦቹ ሲያያዙ መሥመር ይሆናሉ፤ መሥመሩ ወደ ላይ ከወጣ ልጁ እያደገ ነው፤ ከተጋደመ ወይም ካዘቀዘቀ ግን አደጋ አለ። ፊደል ያልቆጠረች እናት ሳትቀር መንገዱ ሽቅብ ወይም ቁልቁል መሆኑን ለማየት አያቅታትም።

እንግዲህ ለልጅ ቀን መቁጠር ለእኛ አዲስ ነገር ነውን? አይደለም። በወለጋ ሴት በወለደች በአምስተኛው ቀን የሸነን ሥርዓት ይደረጋል፤ የሰፈር ሴቶች ተሰብስበው ገንፎ ይበላሉ፤ አራሷንም ይመርቃሉ። በኦርቶዶክስ ክርስቲያን ቤት ወንዱ በ40፥ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ። ይህን ቀን ማንም አይረሳውም፤ ድሀው ተበድሮም ቢሆን ያከብረዋል። የጤናው ቀጠሮ የሚጠይቀን ይህንኑ የቀን አቆጣጠር ጥቂት እንድናራዝመው ብቻ ነው። የመጀመሪያው ክትባት በተወለደበት ጊዜ የሚሰጥ ነው። ሁለተኛው ቀጠሮ በ6ኛው ሳምንት፤ ይኸውም በ42ኛው ቀን ነውና ወንድ ልጅ ክርስትና በተነሣ በሁለት ቀን ልዩነት ላይ ይውላል። ከዚያ በኋላ 10ኛውና 14ኛው ሳምንት፥ 9ኛው ወር፥ 15ኛው ወር ይከተላሉ። ሁሉም ተደምሮ በ15 ወር ውስጥ ስድስት ቀን ነው። ስድስት ቀን ለአንድ ልጅ ሕይወት ብዙ ነውን?

ቀኖቹም በዘፈቀደ የተቆረጡ አይደሉም። የሳንባ ነቀርሳና የልጅነት ልምሻ መከላከያ በተወለደበት ጊዜ ይጀመራል። በ6፥ በ10ና በ14 ሳምንት የሚሰጠው ክትባት ከዘጊ አናዳ፥ ከትክትክ፥ ከመንጋጋ ቆልፍ፥ ከጉበት በሽታና ከማጅራት ገትር ዓይነቶች ይጠብቀዋል፤ የሳንባ ምችና የተቅማጥ መከላከያም አብሮ አለ። አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የማይበቃው ሰውነት ጠላቱን በመጀመሪያው ቀን ሊያውቀው እንጂ በሚገባ ሊያስታውሰው ስለማይችል ነው። የኩፍኝ ክትባት እስከ 9ኛው ወር የሚቆየው ደግሞ ሕፃኑ ከእናቱ ማሕፀን ይዞት የወጣው መከላከያ ክትባቱን እንዳያከሽፈው ነው። በዘጠኝ ወር ከተከተቡት መካከል ግን በመጀመሪያው መርፌ መከላከያ የማያበጁ አሉ፤ የ15ኛው ወር ቀጠሮ ለእነርሱ ነው። በአገራችን የክትባት ፕሮግራም በ1972 ዓ.ም. ሲጀመር የኩፍኝ ክትባት አንድ ጊዜ ብቻ ይሰጥ ነበር፤ ሁለተኛው የተጨመረው በ2011 ዓ.ም. ነው።

ብዙ ሰው ግን ቀጠሮውን የመርፌ ቀን ብቻ አድርጎ ይቆጥረዋል። ስሕተቱ ይህ ነው። መርፌው የቀኑ አንድ ሥራ ነው እንጂ ቀኑ ሁሉ አይደለም። በዚያ ቀን ሕፃኑ ሊመዘንና ቁመቱ ሊለካ፥ ክንዱም በመለኪያ ጥብጣብ ሊታይ ይገባል። ከስድስት ወር በላይ የሆነው ልጅ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር ካነሰ እናቱ ወፍራም ነው ብትልም ብርቱ የምግብ ጉዳት ላይ ነው። የዓይኑ ቆብ ውስጠኛው ክፍል ነጣ ብሎ እንደ ሆነ ደም አንሶታል። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት በየስድስት ወሩ ቫይታሚን ኤ፤ ከሁለት ዓመት ጀምሮ ደግሞ የሆድ ትል መድኃኒት ይሰጠዋል። ድምፅ ሲሰማ ይዞራልን? ያለ ድጋፍ ይቀመጣልን? ዓመት ከመንፈቅ ሞልቶት ገና አልራመደምን? እነዚህ ጥያቄዎች መርፌ አያስፈልጋቸውም፤ ጊዜ ሰጥቶ የሚጠይቅ ባለሙያና ሳትፈራ የምትመልስ እናት ብቻ ያስፈልጋሉ።

በተለይ ቁመቱ የሚለካበት ምክንያት ሊስተዋል ይገባል። ልጅ እንደ ቀነጨረ ጎረቤት አይነግርም፤ በመንደሩ ያለው ልጅ ሁሉ አጭር ከሆነ አጭሩ አጭር መስሎ አይታይምና። «የእኛ ዘር ከጥንትም አጭር ነው» ተብሎ ይታለፋል። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት ከብራዚል፥ ከጋና፥ ከህንድ፥ ከኖርዌይ፥ ከኦማንና ከአሜሪካ በሚገባ የተመገቡ ሕፃናትን መርጦ ቢያስለካ፤ በአምስት ዓመታቸው ድረስ እድገታቸው ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። በዚህም መሠረት በ2006 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የእድገት መለኪያውን አወጣ። እንግዲህ ከዘር ይልቅ ገበታውና በሽታው የልጁን ቁመት ይወስኑታል ማለት ነው። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የአገር አቀፍ የጤና ጥናት ከ100 የኢትዮጵያ ሕፃናት 58ቱ ቀንጭረው ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. 37 ሆነዋል። መሻሻሉ የሚያስደስት ነው፤ ነገር ግን ከሦስት ልጆች አንዱ ዛሬም በዚህ ውስጥ አለ። ያውም ወለጋ ቡና፥ ማር፥ በቆሎና ወተት የሚገኝባት አገር ናት። የቀነጨረውን ልጅ ከሁለት ዓመቱ በኋላ መመለስ አስቸጋሪ ስለ ሆነ፤ መሥመሩ የተጋደመበት ወር መታወቅ ያለበት በጊዜው ነው።

ቀጠሮው በ15 ወር ያልቃል ብለንም አናምንም። ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ሌላ ቀን ሊቆረጥለት ይገባል። በኋለኛው ወንበር ተቀምጦ «ሰነፍ» የሚባለው ልጅ ስንፍናው የዓይኑ እንደ ሆነ ማን መረመረው? ጥቁር ሰሌዳው ጭጋግ ሆኖበት አጠገቡ ካለው ልጅ ደብተር ሲገለብጥ በሌብነት የተመታ ስንት ተማሪ አለ! ዓይኑን ለመፈተን በ6 ሜትር ርቀት የሚሰቀል አንድ የፊደል ሰሌዳና የግማሽ ሰዓት ትዕግሥት ይበቃል። ጉሮሮውን ደጋግሞ የሚያመው ልጅም እንጥሉን ከሚያስቆርጡት ይልቅ ሐኪም ልቡን ቢያዳምጠው ይሻላል፤ በጊዜው ፔኒሲሊን ያላገኘ የጉሮሮ ሕመም በአንዳንዱ ልጅ የልብን በር ያበላሻልና።

የወለጋ ልጅ ደግሞ የአገሩን መሬት ያህል ሊታይ ይገባዋል። በደጋው ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ ለዓመታት የሚመላለስ ልጅ ጎልማሳ ሲሆን እግሩ ሊያብጥ ይችላል። ሕዝቡ ዝሆኔ የሚለው፤ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት ይህ በሽታ ከእርግማን ሳይሆን ከአፈሩ የሚመጣ ነው፤ ጫማና የእግር መታጠብ ይከላከሉታል። ዝናብ አጥቦ አዮዲኑን በወሰደበት ደጋ እንቅርት ይበዛል፤ የአዮዲን እጥረት በእርግዝና ጊዜ ከሆነ የልጁን አእምሮ ይጎዳል፤ አዮዲን ያለበት ጨው ግን በየሱቁ አለ። ወደ ዴዴሳ ሸለቆ የሚወርደው ቤተሰብ ልጅ ወባ ያሰጋዋል። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እንዲሉ፤ አንዱ ጉዳት በሌላው ላይ ሲደራረብ ነው ልጅን የሚጥለው። ወባ ደሙን ያሳነሰበትን፥ የሆድ ትል የተረፈውን የሚካፈለውን ልጅ ኩፍኝ ሲያገኘው የሚያደርሰው ጉዳት ከሌላው ልጅ የከፋ ነው።

ይህን የሚጽፈው ሰው ራሱም ከነቀፌታ አያመልጥም። የመጀመሪያ ልጄ ዘጠኝ ወር ሲሞላው ቀጠሮውን ዛሬ ነገ እያልሁ ሁለት ወር አሳለፍሁት፤ ልጁ ወፍራምና ተጫዋች ነበርና የሚያጣድፍ ነገር አልታየኝም። በዚያው ወር የመሥሪያ ቤታችን መኪና ዘይት የሚቀየርበት ኪሎ ሜትር ስለ ደረሰ ወረቀቱን ፈርሜ ወደ ጋራዥ መላኬን አስታውሳለሁ፤ ኪሎ ሜትሩ በመኪናው መስተዋት ላይ ተለጥፎ ዘወትር ይታየኝ ነበር። የልጄ ካርድ ግን በመሳቢያ ውስጥ ነበር። ኩፍኝ ወደ ሰፈራችን ገባ። ልጁ በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፈ፤ ነገር ግን ጆሮው መግል እያወጣ ዓመቱን ሙሉ አለቀሰ፤ ዛሬም በዚያ በኩል ሲጠሩት ፈጥኖ አይሰማም። መኪናው በደኅና ይሄድ ነበር።

ይህ ታሪክ የአንድ ቤት ብቻ አለመሆኑን ቁጥሩ ይነግረናል። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ከ100 የኢትዮጵያ ሕፃናት 73ቱ የ6ኛውን ሳምንት ክትባት ወስደው ነበር፤ ለሦስተኛው የደረሱት ግን 53ቱ ናቸው። በመካከል የቀሩት 20 ሕፃናት ጤና ጣቢያውን የማያውቁ አይደሉም፤ መንገዱን አንድ ጊዜ ሄደውበታል። በኦሮሚያ ክልል በዚያው ዓመት ሁሉንም መሠረታዊ ክትባት የጨረሱት ከ100 ሕፃናት 25 ብቻ ነበሩ። በሌላ በኩል ደግሞ የተገኘው ፍሬ አይካድም። በ1992 ዓ.ም. ጥናት በሕይወት ከተወለዱ 1000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. ጥናት ቁጥሩ ወደ 59 ወርዷል። ከዚህ ውስጥ ክትባቱም፥ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም፥ በየቀበሌው ከቤት ወደ ቤት የሚዞሩት እኅቶቻችን ድካምም ድርሻ አላቸው። ቢሆንም 59 ማለት በቁጥር ሲነገር ትንሽ ይመስላል እንጂ እያንዳንዱ አንድ ትንሽ መቃብር ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በእናቲቱ ላይ ማድረግ ግን ፍርድ ማጓደል ነው። ሁለት ሰዓት በእግር ተጉዛ ስትደርስ «ክትባቱ አልቋል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ነይ» የተባለች እናት በሚቀጥለው ሳምንት ባትመጣ ማንን እንወቅስ? ካርዷን ረስታ በሰው ፊት የተቆጧት እናት ዳግመኛ ፊቷን ልታሳይ ትፈራለች። ከዚህም በላይ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በወለጋ ዞኖች በቆየው ግጭት ብዙ ቤተሰብ ከቀዬው ተፈናቅሏል፤ ብዙ ጤና ኬላዎችም ተዘግተዋል፤ ዕቃቸውም ተዘርፏል። ከቤቷ ሌሊት የወጣች እናት ይዛ የወጣችው ልጇን እንጂ ካርዱን አይደለም። ስለዚህ ሁሉም ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ይኸውም ቀጠሮው ያለፈበት ልጅ በሩ አልተዘጋበትም፤ ባለሙያው እንደ ዕድሜው ዓይቶ ካቆመበት ያስቀጥለዋል እንጂ እንደ ገና ከመጀመሪያው አያስጀምረውም። «ጊዜው አልፏል» ብላ ቤቷ የተቀመጠች እናት ይህን ብትሰማ ነገ ትነሣለች።

እንግዲህ ወጣቱ ምን ያድርግ? በመሥሪያ ቤት ያለው ወጣት ሹም በመጀመሪያ የራሱን ልጅ ካርድ ከመሳቢያ ያውጣና የቀጠሮውን ቀን በግድግዳው ላይ ይለጥፍ። ቀጥሎም በእርሱ ሥር ያለችውን ሠራተኛ ያስብ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። የ14ኛው ሳምንት ቀጠሮ ግን በ98ኛው ቀን ነው። ሦስተኛው ክትባት የሚውለው እናቲቱ ወደ ሥራዋ በተመለሰች በሳምንቷ፤ ፈቃድ ለመጠየቅ በምትፈራበት ጊዜ ነው ማለት ነው። በዚያን ዕለት ግማሽ ቀን የሚፈቅድ አለቃ አንድ ሰነድ ሳይጽፍ፥ አንድ ብር ሳያወጣ አንድ ልጅ ይከትባል። አባትየውም ቢሆን «የሴት ጉዳይ ነው» ማለቱን ትቶ ልጁን አቅፎ ቢሰለፍ ክብሩ አይቀንስም፤ ጎረቤቱም ያየዋል፤ ያየውም ይከተለዋል።

መምህሩ አዲስ ተማሪ ሲመዘግብ ከልደት ወረቀቱ ጋር የክትባት ካርዱን ይጠይቅ፤ ካርድ የሌለውንም ከትምህርት ቤት ሊያባርር ሳይሆን ወደ ጤና ጣቢያ ሊመራ ይጠይቅ። የወረዳው ሹም በሪፖርቱ ላይ «ይህን ያህል ሕፃናት ተከተቡ» ሲባል ደስ ብሎት ከማለፍ ይልቅ «የመጀመሪያውን ወስደው ሦስተኛውን ያልወሰዱት እነማን ናቸው? ቤታቸውስ የት ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ይህ አንድ ጥያቄ ከብዙ ስብሰባ ይሻላል።

ተማሪው ደግሞ በክረምት ወደ ሻምቡ፥ ወደ ነጆ፥ ወደ መንዲ፥ ወደ አርጆ ሲመለስ እናቱና አክስቶቹ የሚያምኑት እርሱን ነው። ካርዱን በእጁ ይዞ መሥመሩን እያሳየ በእናት ቋንቋቸው በኦሮምኛ ያስረዳቸው። ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ በ1896 ዓ.ም. ወደ ነቀምት መጥተው ሕዝቡን በገዛ ቋንቋው ማስተማራቸው ከመቶ ዓመት በኋላም የሚታወስላቸው፤ ነገር ወደ ልብ የሚገባው በሚያውቁት ቋንቋ ሲነገር ስለ ሆነ ነው። እማማንም «ኋላ ቀር ነዎት» ብሎ አያስቀይማቸው። ዓይን ይበላዋል ብለው ከፈሩ፤ ነርሷ ሕፃኑን ከሰው ዓይን ራቅ አድርጋ ብትመዝነው ሚዛኑ አይዋሽም። የሸነን ገንፎ ሲበላ «ስድስተኛው ሳምንት መቼ ይውላል?» ብሎ ቀኑን አብሮ መቁጠር ባህሉን ያጠነክረዋል እንጂ አያፈርሰውም።

የወለጋ ገበሬ ቡናውን የሚጎበኘው ፍሬው ቀልቶ ሊለቀም ሲል ብቻ አይደለም። የቡና ፍሬ በሽታ በ1963 ዓ.ም. በአገራችን ከታየ ወዲህ አረንጓዴውን ፍሬ እየገለጠ ማየትን ተምሯል፤ ከጠቆረ በኋላ ማየት ኪሳራን መቁጠር ብቻ መሆኑን ያውቃልና። ልጅን በዕድሉ ያሳደገ ገበሬ ቡናውን ግን በዕድሉ አልተወም። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፤ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚለው የእናቶቻችን አነጋገር ለወጥ ብቻ የተነገረ አይደለም።

ልጅ በዕድሉ ያድጋል ካላችሁም እሺ፤ ዕድሉ ግን የተቆረጠለትን ቀን የሚያስታውስ አባትና እናት ማግኘቱ ይሁን። ያን ጊዜ በነቀምት ጎዳና ልጇን አዝላ የምትወርደው እናት እነዚያን እማማ ስታገኝ የሚጠይቋት ጥያቄ ይለወጣል። «ምን ነካብሽ?» ማለታቸው ቀርቶ፤ «ስንተኛው ቀጠሮው ነው ልጄ? በርቺ፤ ያሳድግልሽ» ብለው ይመርቋታል።